የሥዕሏ ልጅ

ሲና ሥዕል ልማር ብላ የተነሣችው በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በጣና ዳር ባለው የአሳ መሸጫ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «አሁን ነው ትዝ ያለሽ?» አሏት። እሷም አብራቸው ሳቀች እንጂ ምክንያቷን አልነገረቻቸውም።

ምክንያቷ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ነበር። ከሐይቁ ገና የወጣ ቆሮሶ ሆዱ ቀላ፣ ጎኑ አረንጓዴና ወርቅማ ይላል፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ነገር ያበራል። ነፍሱ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ያ ሁሉ ቀለም ይጠፋና አመድ ይመስላል። ሲና አሥር ዓመት ሙሉ ያ ቀለም እጇ ላይ ሲሞት አይታለች። አንድ ጠዋት ቅርፊት እየፋቀች ሳለ፣ ይህን ሳይጠፋ ባስቀረው የሚል ሐሳብ መጣባትና አልለቃት አለ።

ሌላም ነበር፤ ለራሷም አፍ አውጥታ ያልነገረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲያያት ኖሯል። ለአንድ ጊዜ እንኳ የምታይ እሷ መሆን ፈለገች።

ከግራ ዓይኗ ሥር ጀምሮ ጉንጯን አልብሶ እስከ አንገቷ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት። እናቷ እናትዓለም ድሮ ሐይቁ ዳር አሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር፤ ሲና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች የፈላው ዘይት ተገለበጠባት። ከዚያ ወዲህ ሲና የምትቀመጠው ግራዋን ለግድግዳ ሰጥታ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ጥግ ከሌለ ወርዳ ሌላ ትጠብቃለች። ታስባው አይደለም፤ ሰውነቷ ለምዶት ነው።

አስተማሪው ጋሼ ቃለ ሕይወት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን የሱቅና የምግብ ቤት ማስታወቂያ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሹም አቦ ሰፈር ባለው ግቢያቸው፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ደርድረው ጀማሪ ጎልማሶችን ያስተምራሉ። ሲና ስትመጣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊና ሁለት ጡረተኞች ነበሩ። አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ባልዲ ብቻ አሣሏቸው።

«እጃችሁ ምንም አልሆነም» ይላሉ በወንበሮቹ መሀል እየተመላለሱ። «የታመመው ዓይናችሁ ነው። የባልዲ አፍ ክብ መሆኑን ስለምታውቁ ክብ ታደርጉታላችሁ። እስቲ ካላችሁበት ሆናችሁ እዩት! ክብ ነው?»

ሲና አየችው። ክብ አልነበረም፤ ጠበብ ያለ፣ እንደ እንቁላል የተጋደመ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ባልዲ ስትሸከም ኖራ ይህን አላየችም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ የጣሪያውን፣ የጎማውን፣ የሰውን ሁሉ ቅርጽ እንደ አዲስ እያየች፣ ራሷን ረስታ በዋናው መንገድ መሀል ሄደች።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ እየተንደረደረ ገባ። ባዶ ቦታ የነበረው ከሲና በስተግራ ብቻ ነው። መጥቶ ተቀመጠ። ሲና አንገቷ ደረቀ።

«ላጲስ ይኖርሻል?» አላት ወዲያው።

ወደሱ ሳታይ ላጲሱን ወረወረችለት።

«አመሰግናለሁ። ገድሉ እባላለሁ። የሂሳብ መምህር ነኝ። ሰሌዳ ላይ ክብ ሳሠምር ተማሪዎቼ ድንች ነው እያሉ ይስቁብኛል፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው እዚህ መምጣት አልነበረብህም» አለች ሲና ሳታስበው። «እዚህ ክብ የለም ይሉሃል።»

ገድሉ ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅም ያየው ፊቷን ነው፤ ሰው እንደሚያደርገው ዓይኑን ወደ ጠባሳው ጥሎ ደንግጦ አላነሣም። በደንብ አየና ላጲሱን መለሰላት። ሲና ያን ቀን ባልዲዋን ሳትጨርስ ቀረች።

እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አብረው እስከ ሐይቁ ዳር ይሄዱ ጀመር፤ ቆይቶም በሥራ ቀን መሸጫው ሲዘጋ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እጇ አሳ አሳ ይሸት ነበር። መጀመሪያ የያዘው ቀን ልትነጥቀው ስትል «ተይ» አላት፤ «እኔስ እጄ ጠመኔ አይደል?»

በመስከረም ጋሼ ቃለ ሕይወት ቀለም አስጀመሯቸው። ተማሪዎቹን ሁሉ ሐይቁ ዳር አስቀምጠው ውሃውን ሣሉ አሏቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጣና ጭቃ አዝሎ ቡላ መስሏል። ሲና ቢጫና ቡኒ ስትቀላቅል፣ ስታበላሽ፣ እንደገና ስታቀጥን ዋለች፤ ወረቀቷ ረጥቦ ተጨማደደ። ገድሉ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ቀባና ቀድሞ ጨረሰ።

«አንተ ልጅ» አሉት ጋሼ ቃለ ሕይወት፣ «የት ነው ያለኸው?»

«ጣና ዳር።»

«ወረቀትህ ላይ ያለውን ሐይቅ እኔ አላውቀውም።»

«እንዲህ ቢሆን ያምራል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ሁሉም ሳቁ። ሲናም ሳቀች፤ እንዲያውም ያን ሰማያዊ ወረቀት ለምና ወስዳ ሰባታሚት መንደር ካለው ቤታቸው፣ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው።

በኅዳር ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ እንዲተያዩና ፊት እንዲሥሉ ታዘዙ። ሲናና ገድሉ ማንጎው ሥር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሰው ዓይን ለዓይን አይታ አታውቅም። የገድሉ የግራ ዓይን ሽፋሽፍት ትንሽ ወደቅ ይላል፤ የታች ጥርሶቹ ተደራርበዋል፤ አገጩ ላይ ምላጭ የሳተው ጸጉር አለ። አንዱንም አልተወችም። እየሣለችው ሳለ፣ እንዲህ አንድ በአንድ ያወቅሁትን ሰው እንዴት ላልወደው እችላለሁ ስትል አሰበች።

ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ።

ሲና የተሰጣትን አየች። ዓይኗ የሷ ነው። አፍንጫዋም፣ ሹሩባዋም የሷ ነው። ሁለቱ ጉንጮቿ ግን እንደ አዲስ ሸክላ ለስላሳ ናቸው።

«የት ሄደ?» አለች በቀስታ።

«ምኑ?»

ጣቷን አንሥታ ጉንጯን ነካች።

ገድሉ ጎንበስ ብሎ «እኔኮ አይታየኝም፣ ሲና» አላት። «እውነቴን ነው። አንቺን ሳይ እሱ አይታየኝም።»

ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ያለ ቃል ነግሯት አያውቅም። እንባዋ መጣ። ጋሼ ቃለ ሕይወት ከኋላ መጥተው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉና «ይህች ማናት?» ብለው ጠየቁ። ሲና ሽማግሌውን በዚያች ቅጽበት ጠላቻቸው።

ገድሉም የራሱን ሥዕል አገላብጦ አየ። «ዓይኔ እንዲህ ነው እንዴ? ጥርሴስ?» አለ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ከከንፈሩ አላለፈም። «እስቲ ትንሽ አስተካክይው።» ሲና ላጲሱን አነሣችና ሽፋሽፍቱን ቀና አደረገችው፤ ጥርሶቹንም ደረደረችለት። ስትጨርስ የሣለችው ሰው ገድሉን አይመስልም ነበር። እሱ ግን ደስ አለው፤ የሱ ደስታም ለሷ በቃት።

ገድሉ የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በባሕረ ገብ መሬቱ የተከበሩ የቅኔ መምህር፣ እናቱ ወይዘሮ አገርነሽ የቡናና የጌሾ እርሻ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሊጋቡ ተስማምተው ስለነበር፣ ለገና ይህን ለወላጆቹ ሊነግር ወደ ቤቱ ሲሄድ የሲናን ሥዕል በካርቶን ጠቅልሎ ወሰደው። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፎ ነበር፤ ቢኖርም የአገርነሽ ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። ሲና እንደሆነች ፎቶ መነሣት አትወድም። ስለዚህ እናቲቱ የልጃቸውን እጮኛ ያዩት በዚያ ወረቀት ነው።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ እንደ ሕፃን በርቶ ነበር። «እማዬ ሥዕልሽን ግድግዳ ላይ ሰቅላ የመጣውን ሁሉ እያሳየች ነው። ‹እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አገኘህ?› አለችኝ። አባቴም እሺ ብሏል። በጥር አጋማሽ እወስድሻለሁ፤ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ይሁን ተብሏል።»

ሲና ይህን ለእናቷ ስትነግር፣ እናትዓለም ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

«አይተውሻል ወይ?»

«ሥዕሌን አይተዋል።»

«ሥዕሉ ላይ ... አለ ወይ?»

ሲና ለምን እንደዋሸች አታውቅም። «አለ» አለች።

እናትዓለም ወደ ሰማይ ቀና ብላ ተሳለመች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ዘይት የጣደች እጇን ስትረግም የኖረች ሴት ናት። ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈን እያንጎራጎረች ሰፌዱን አነሣች።

በጥር፣ አንድ ማለዳ፣ ሲና በእናቷ የተፈተለ ነጠላ ለብሳ ከገድሉ ጋር የዘጌን ጀልባ ተሳፈረች። ሐይቁ ረግቶ ነበር። ከጀልባው ሊወርዱ ሲሉ ገድሉ የነጠላዋን ጫፍ ወስዶ በግራ ጉንጯ ላይ ቀስ አድርጎ ጣለና ከጆሮዋ ኋላ ሸጎጠው።

«ነፋሱ ኃይለኛ ነው» አላት።

ነፋስ አልነበረም። ሲና ግን የጣቱን ሙቀት እንጂ ሌላውን አላሰበችም። በቡናው ዛፍ መሀል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ወደ ላይ ሲወጡም በስተግራዋ እየሄደ ጋረዳት፤ ይህንም ፍቅር ነው ብላ ወሰደችው።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ የመሪጌታ ደቀ መዛሙርት። ወይዘሮ አገርነሽ እጃቸውን ዘርግተው እልል እያሉ ከደጅ ተቀበሏት። ቀኝ ጉንጯን ሳሙ። ወደ ግራ ሲዞሩ ነጠላው ከጆሮዋ ኋላ ተንሸራተተና ወደቀ።

የአገርነሽ ከንፈር አየር ላይ ቀረ። እልልታው ከኋላ ወደ ፊት ቀስ በቀስ ጠፋ። አሮጊቷ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አዩ፤ ሲናን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ገድሉ፣ ይህች ናት?» አሉ። «የሥዕሏ ልጅ የታለች?»

ሲና ዞር ብላ አየችው። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። አሁን፣ እኔ አይታየኝም፣ ይላል።

ገድሉ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ይህችማ ... እህቷ ናት» አለ። «ሲና አሞኛል ብላ ቀረች። እህቷ ቀድማ አገሩን ትይልን ብለን ነው።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። አንዷ አክስት ሳቀች። «እሰይ! ደንግጠን ነበርኮ!» አለች ሌላዋ። አገርነሽም ደረታቸውን ይዘው ፈገግ አሉና ሲናን እጇን ይዘው አስቀመጧት። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ደህና መጣሽ። ስምሽ ማነው?»

ሲና አፏን ስትከፍት ሲና ልትል ነበር። ሁሉም ያያት ነበር። ገድሉ ወለሉን ያይ ነበር። ወለሉን ማየቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም ምላሷን ያሰረው።

«እሌኒ» አለች።

ያን ቀን እንደ እንግዳ ተከበረች። ከወጡ ደህና ደህናው ተመርጦ ቀረበላት። አገርነሽ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ «ምን አግኝቶሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ የናትሽ ጭንቀት! እንኳን አንዷን ተወላት። ለእህትሽ ተረፈላት። ምን ይደረግ፣ አንቺም ለነፍስሽ ትኖሪያለሽ።» ይህን ብለው ሥጋ አጎረሷት። ሲና ጎረሰች። ማኘክ እንዴት እንደሆነ ጠፋባት፤ በውሃ ዋጠችው።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከጥግ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ሊሸኟት ሲሉ ወደሷ ዞሩ። «እሌኒ፣ እህትሽ እውነት እንደ ሥዕሏ ናት?»

«አይደለችም፣ አባቴ» አለች ሲና። «ልጅዎ አሳምሮ ነው የሣላት።»

«ሰው የወደደውን ያሳምራል» አሉ ሽማግሌውና መረቋት። አገርነሽም አንድ ቁና ጥሬ ቡናና አንድ እሥር ጌሾ «ይህ ለሲና ነው» ብለው በእጇ ሰጧት።

በመጡበት መንገድ በጀልባ ተመለሱ። ጀልባው ውስጥ ሎሚ የያዙ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ ሞተሩ ድምፅ ስለሚያሰማ የሚሰማቸው አልነበረም።

«ደነገጥሁ» አለ ገድሉ። «ሲና፣ ደንግጬ ነው። ቀስ እያልሁ እነግራቸዋለሁ።»

«እስከዚያ እኔ ማን ልሁን?»

«እንደዚህ አትበይ። ሁሉን አስቤበታለሁ። አዲስ አበባ አንድ የቆዳ ቀዶ ሐኪም አለ። ከጭን ላይ ወስደው ይተካሉ፤ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በሜካፕ ይሸፈናል አለኝ። ከሠርጉ በፊት ቢሆን ብዬ ነበር፤ ካልሆነም ...»

«መቼ ነው የጠየቅኸው?»

ገድሉ ጌሾውን ከወንበሩ ጠርዝ ገፋ አደረገ።

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

ሲና ቆጠረች። ጥቅምት ከኅዳር ይቀድማል። ማንጎው ሥር ጎንበስ ብሎ አይታየኝም ያላት በኅዳር ነው። ያን ሲላት ሐኪም ጠይቆ፣ ከየት ተቆርጦ የት እንደሚለጠፍ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ሌላ ሰው ሲያየው ጠባሳ ነው» አለች። «ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይረሳዋል። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ ከእሱ ሌላ አላየህም።»

«እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሲና፤ ማወቋ ነበር የሚያቃጥላት። ባሕር ዳር ሲደርሱ ቡናውንና ጌሾውን ወንበሩ ላይ ትታ ወረደች።

ደወለላት፤ አላነሣችም። መሸጫው በር ላይ ቆመ፤ በኋላ በር ወጣች። ለእናቷ «ተጣልተናል» ከማለት በቀር ምንም አልነገረችም። እናትዓለምም አልጠየቀችም፤ ሰፌዱን ስታነሣ ግን መዝፈኗ ቀረ።

ጋሼ ቃለ ሕይወት ጋ የሄደችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ገድሉ በማይኖርበት ረቡዕ ቀን። «መስተዋት ይስጡኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው የመላጫ መስተዋታቸውን ከማንጎው ግንድ ላይ ሰቀሉላት። ራሷን ስትሥል አራት ረቡዕ ፈጀባት። ቀኝ ፊቷ ቀላል ነበር። ግራው አስቸገራት፤ ቡኒ ስትቀባው ጭቃ ይሆናል፣ ቀይ ስታደርገው አዲስ ቁስል ይመስላል።

«እየፈራሽ ነው የምትቀቢው» አሏት። «እዪው እስቲ። የተቃጠለ ቆዳ ይሳባል፣ ለስላሳ ነው፤ ብርሃን ይመልሳል። ከብርሃኑ ላይ ቀለም አታድርጊ፤ ነጩን ወረቀት ተይው። ከጎኑ ደግሞ ሐምራዊ አለ፣ አይታይሽም?»

ታያት። ሐምራዊ ነበር፤ ወደ ጆሮዋ ሲጠጋ ሮዝ፣ አንገቷ ላይ ቢጫ የነካው ቡኒ። ውሃ አቅጥና በቀጭኑ ብሩሽ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደችበት። ስትጨርስ ብሩሹን አስቀምጣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። ቆንጆ ነው አላለችም። እኔ ነኝ አለች።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ‹ይህች ማናት› ሲሉ ጠልቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው ብሩሹን እያጠቡ። «ዝም ማለት ነበረብኝ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤአለሁ። አንዳንዴ ሰው ደስ ብሎት ሲያዩ ዝም ማለት ጥሩ ነበር።»

በመጋቢት መጀመሪያ፣ በእሑድ፣ ሲና ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አገርነሽ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመዋል። የመንደሩን ስም በጥር ከሲና ሰምተው ስለነበር፣ ደርሰው «ፊቷ የተቃጠለችው ልጅ ቤት» ብለው ጠይቀው ነው የመጡት፤ የማያውቅ አላገኙም። ሲናን ሲያዩ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ለቅሶ አነሡ።

«እሌኒዬ! እሌኒዬ! እኔን ይድፋኝ! ምን ዓይነት ሞት ነው! ሙሽራ ልትሆን ተሰናድታ!»

ሲና አልገባትም። «ማን ሞተ፣ እማማ?»

«አይ ልጄ፣ ገና አላመንሽ!» አሉ አገርነሽ እንባቸውን እየጠረጉ። «ድንገት ታመመች፣ በሁለት ቀን አለቀች ብሎ ገድሉ ሲነግረን መንገዱ ተዘግቶ ቀብሯ ላይ ሳንደርስ ቀረን። መሪጌታ በክርስትና ስሟ ፍትሐት አስደርገውላታል። ‹ወለተ ሥላሴ› ተብሎ ስንጸልይ ነው የሰነበትነው። አርባዋ ሊወጣ አራት ቀን ቀረው፤ ሳላጽናናችሁ እንዴት ይውጣ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወለተ ሥላሴ የሲና የክርስትና ስም ነው። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠው በገዛ አፏ ነግራዋለች።

እናትዓለም ጩኸቱን ሰምታ ከውስጥ ወጣች። «ምንድን ነው የምትለው ይህች ሴትዮ? ማን ነው የሞተው?»

ሲና አሮጊቷን በትከሻቸው ይዛ ከግንባታ በተረፈ ብሎኬት ላይ አስቀመጠቻቸው። «እማማ፣ ይስሙኝ» አለች። «እህት የለኝም። ኖራኝም አታውቅ። እሌኒ የምትባል ሰው የለችም። ሲና እኔ ነኝ።»

አገርነሽ አፈጠጡባት። «ሥዕሏስ?»

«እኔው ነኝ። ይህን ትቶት ነው» አለች ጠባሳዋን ነክታ።

አብረዋቸው የመጡት ሴቶች አማተቡ። እናትዓለም ነገሩ አሁን ገባት፤ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ተቀመጠች። ያለቀሰችው እሷ ናት እንጂ ሌላ ማንም አላለቀሰም።

አገርነሽ «በቁምሽ ፍትሐት አስደረግንብሽ» አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ሲና እኔ ነኝ ብል፣ እሺ ይሉ ነበር?»

አሮጊቷ መዋሸት ይችሉ ነበር። ጥቁሩን ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አሰቡ።

«አልልም ነበር» አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ አለቀስሁልሽ» አሉ አገርነሽ፤ ተነሥተውም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ገድሉ የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ መሸጫው በሰው በተጨናነቀበት ጠዋት ነው። ተራውን ጠብቆ እንደማንኛውም ገዢ ፊቷ ቆመ። ከስቷል፤ የወደቀው ሽፋሽፍቱ ከድሮው ይበልጥ ወድቋል። ሲና ስታየው ልቧ ያንኑ የጥንቱን ዝላይ ዘለለ። በዚህም ራሷን ታዘበች።

«እማዬ ለአባቴ ነገረችው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጾሙን ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጠራኝና ‹ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፤ ከተቀበለችህ አምጣት› አለኝ። ሁሉም አውቋል፣ ሲና። አሁን የሚያግደን የለም። እኔ ... ሞተች ያልሁት ሌላ ላገባ አይደለም። መድረሻ ሲጠፋኝ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«እወድሻለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ» አለች ሲና። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ቢላዋ ቆመ።

«ታዲያ?»

«እናትህ ሲያፈጡብኝ የራሴ እህት አደረግኸኝ። መድረሻ ሲጠፋህ ገደልኸኝ። ነገ ልጅ ወልደን፣ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ይዤው ስመጣ፣ ጓደኞችህ ይህች ማናት ቢሉህ ምን ታደርገኛለህ? ሠራተኛችን ናት ትላለህ?»

ገድሉ አልልም ለማለት አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን ወዲያው አልወጣም። አንዲት ትንፋሽ ያህል ዘገየ፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ደጅ፣ ጓደኞቹን፣ የሚያፈጡትን ተማሪዎች ሲያይ ሲና ከፊቱ ላይ አነበበችው። ሰውን አይታ ማንበብ ከተማረች ቆይታለች።

«አልልም» አለ በመጨረሻ።

ሲና ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ ቢላዋዋን አነሣች። ከዚያ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ አየች።

«እትዬ፣ ይቅረቡ። ፊሌቶ ነው ወይስ ሙሉውን?»

ገድሉ ገለል ብሎ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ሴትዮዋ ሁለት ኪሎ አሏት። ሲና አምባዛውን አጋደመች፣ ቆዳውን ገፈፈች፣ ከአጥንቱ ለየች፣ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ቀረበ። አንድ ጊዜ ቀና ስትል ግድግዳው ጥግ ማንም አልነበረም።

ያኔ ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባችና በሩን ከኋላዋ ሳበችው። ውጪ የቀሩት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ሳትጠየቅ መጥታ በሲና ቦታ ቆመች፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ለገዢው እንዳይሰማም ሌሎቹ ጮክ ብለው ያወሩ ጀመር።

ስትወጣ ዓይኖቿ አብጠው፣ እጆቿ በቅዝቃዜው ቀልተው ነበር። ወረፋው ገና አላለቀም። ቢላዋዋን ተቀብላ ቦታዋ ላይ ቆመች።